ሎሚ ያላፈላው ጥቁር ዶቃ

ይህን ታሪክ ላወራ በተነሳሁ ቁጥር አሁንም ልቤ ይመታል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ግን ከሐፍረቱ ደስታው ስለሚበልጥብኝ ሳልጠየቅም አወራዋለሁ።

ጊዜው ደርግ ነው፤ አገሩ ገዳሪፍ። ከመሰደዴ በፊት ጎንደር ክፍለ ሀገር የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። ሱዳን ከገባሁ በኋላ የሚማርልኝ ሰው ስለጠፋ ከሴቶች ጋር ሰሊጥ መጋዘን ገባሁ። ቀኑን ሙሉ ወንፊት ይዘን ጠጠሩንና ገለባውን ከሰሊጡ እንለያለን። አስተማሪነት ግን እንደ ልብስ አይወልቅም። አንዷ አስነጠሰች ብዬ ስለ አፍንጫ አስረዳለሁ፤ ወንፊቱ ተቀደደ ብዬ ስለ ክብደት አስረዳለሁ። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያዩና “ደግሞ ጀመራት” ይላሉ። እኔም አላቆምም።

አጠገቤ የምትቀመጠው ሴት ጥቂት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እታለም እላት ነበር። የምንኖረውም በአንድ ሆሽ ነው፤ ሆሽ ሱዳኖች በጭቃ አጥር የተከበበውን ግቢ የሚጠሩበት ስም ነው። እታለም በዚህ ዓለም አንድ ወንድም ብቻ ነበራት። እናታቸው ልጅ ሳለ ስለሞተችበት ያሳደገችው እሷ ናት። በፊተኛው ዓመት በአጨዳ ወራት ወደ እሷ ሊመጣ ከመተማ በኩል ሲሻገር ድንበሩ ላይ ተኩስ ተከፈተ። አብሮት የነበረ የቀን ሠራተኛ ዶካ የምትባል የሱዳን ከተማ ደርሶ “ተመትቶ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ” አለ። ሬሳ አልተገኘም። ፍትሐት ተደረገለት። እታለም ጸጉሯን ተላጭታ ጥቁር ለበሰች፤ ዓመቱን ሙሉ ሰሊጥ ስታበጥር አንገቷን ቀና አድርጋ አላየኋትም።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ የሎሪ ሾፌር መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ “ከአርማጭሆ የመጣች፣ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ያላት ሐበሻ አለች?” ብሎ ጠየቀ። ሱዳናዊ ነው፤ በዓረብኛ ነው የሚናገረው። እታለም ተነሳች። ሾፌሩ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጣት።

“ከሰላ ከተማ ላይ ባልደረባዬ ሰጠኝ” አለ። “ለእሱ የሰጠው ደግሞ ፖርት ሱዳን የሚመላለስ ሌላ ሾፌር ነው። መጀመሪያ የሰጠው ሰው ሐበሻ ነው አሉ። ‘ለእህቴ ነው፣ በእጄ የሠራሁት ነው፣ የባሕር ነገር ነው በላት’ ብሏል። ከዚህ ሌላ አላውቅም፣ ወላሂ።”

ጨርቁ ሲፈታ ጥቁር መቁጠሪያ ወጣ። አርባ አንድ ፍሬ ነበረው፤ ጫፉ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል መስቀል ተንጠልጥላለች። ወረቀት የለውም፤ ወንድሟ መጻፍ አይችልም፤ ቢችልም በዚያ ዘመን ደብዳቤ ይዞ ኬላ የሚያልፍ ሾፌር ማግኘት ከባድ ነበር። ስሙን እንኳ የነገረን የለም።

እታለም ያን ቀን ማታ ክፍሌ መጣች። መቁጠሪያውን ፊቴ ዘረጋችው።

“አንቺ የተማርሽ ነሽ” አለችኝ። “ሰዉ ሲያዝንልኝ ከርሟል። ልታጽናኑኝ ብላችሁ እዚሁ ያሠራችሁት እንደሆነስ? ዲያቆናቱ ከጥቁሩ ዞጲ እንጨት መቁጠሪያ ሲሠሩ አይቻለሁ። እውነት የባሕር ነገር ከሆነ ልጄ አለ ማለት ነው። እንጨት ከሆነ ግን ቁርጤን ንገሪኝና ሙት ዓመቱን ላውጣለት።”

ልጄ ነው የምትለው፤ ወንድሜ አትልም።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስንት ዓመት ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ! ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ስለ ባሕር ግን አስተምሬያለሁ፤ የፈተና ጥያቄም አውጥቻለሁ። ከባሕር የሚወጣ ጌጥ ዛጎል፣ ሉልና ኮራል ነው፤ ሦስቱም የኖራ ድንጋይ ዘር ናቸው፤ ኖራ ደግሞ አሲድ ሲነካው ይፈላል። ይህን ለስንት ልጅ በጠመኔ ጽፌያለሁ።

ጠዋት ሆሹ መሐል ላይ ሥራዬን ዘረጋሁ። ከጎረቤት የቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ አንድ ዛጎል ለመንኩ፤ ፋቅ ፋቅ አደረግሁትና ሎሚ ጨመቅሁበት። ወዲያው ጥቃቅን አረፋ ደፈቀ። “አያችሁ? የባሕር ነገር እንዲህ ነው የሚሆነው!” አልኩ። ከዚያ የመቁጠሪያውን ክር በጥሼ አንዱን ጥቁር ፍሬ ፋቅሁና ሎሚ ጨመቅሁበት። ዝም አለ። ጨመርኩበት። ዝም! ውኃ ውስጥ ከተትኩት፤ ሰመጠ። ዞጲም ይሰምጣል ብዬ አለፍኩት። ቀዳዳው በኩል ስመለከት ደግሞ እንደ ተቆረጠ ግንድ ክብ በክብ ላይ የተደራረበ መስመር አየሁ። የዛፍ ዕድሜ የሚቆጠረው በዚህ ነው፤ ይህንንም አስተምሬያለሁ። መስቀሏ ብብት ላይ፣ ክንዶቿ በሚገናኙበት፣ እንደ ድመት ምላስ የሚሻክር ነገር ነበረ፤ ሞረድ በደንብ ሳይደርስበት የቀረ ነው አልኩ።

“እታለም፣ እንጨት ነው” አልኳት። በዚያ ሁሉ ሴት ፊት፣ በሙሉ ድምፅ፣ እጄ ላይ ሎሚ እየተንጠባጠበ።

አላለቀሰችም። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ከመሬት ለቅማ በጨርቁ ቋጠረችና “እግዜር ይስጥሽ፣ ከምሰቃይ ቁርጡን ማወቁ ይሻለኛል” አለችኝ። በዚያው ዕለት ለመጪው ቅዳሜ ሳምንት የሙት ዓመቱን ቀን ቆረጠች። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሙከራው በመሳካቱ ትንሽ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

ለሙት ዓመቱ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ደረሰ። ሴቶቹ ሽንኩርት እየላጡ ነው፤ ሽምብራው ተዘፍዝፏል፤ ፍየሏ ከኒም ዛፉ ሥር ታስራለች። ገበያ ወርጄ ቅመም እንዳመጣ ሲልኩኝ እታለም ቋጠሮውን ሰጠችኝ። “የእሱ ባይሆንም መቁጠሪያ ነው፤ ሜዳ ላይ አይጣልም። አሰክተሽ አምጪልኝ፣ ፍትሐት ላደረጉለት አባ እሰጣቸዋለሁ” አለች።

ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ከቅመሞቹ መደዳ ጫፍ ላይ የሙስሊሞች መቁጠሪያ የሚሸጡና የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የተወለዱት ባሕሩ ዳር፣ ሱዋኪን ነው። መነጽራቸው በክር ታስሮ ጆሯቸው ላይ ተጠምጥሟል። ቋጠሮውን ፈትተው ፍሬዎቹን በጣታቸው እየገፉ እኔ ሰላምታዬን ሳልጨርስ ቆጥረው ጨረሱ።

“አርባ አንድ!” አሉና ሳቁ። “ይሄን የሠራው ሰው መቁጠር አያውቅም። ስምንቱን ላውጣልሽ፣ ሠላሳ ሦስት ይሁን።”

“ኧረ ሐጂ፣ የእኛ አርባ አንድ ነው። አርባ አንድ ጊዜ ነው ‘ማረን’ የምንለው” አልኳቸው።

“አሃ!” አሉና አንዱን ፍሬ አንስተው ክር ሊያስገቡ ቀዳዳውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ቆሙ። ከዓይናቸው ወደ አፍንጫቸው ወሰዱት። እንደገና አሸተቱት። ከዚያ ሌላ አነሱ፤ ሌላም። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ፍሬውን በጀለቢያቸው እጅጌ ፈተግ ፈተግ አድርገው ሲወለውሉት እንደ ጥቁር መስተዋት አበራ።

“ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው? ዩስር ነው እኮ!”

“ዩስር ምንድን ነው?”

“ከባሕር ሥር የሚወጣ ነው። ያውም ምን የመሰለ!”

እመኑኝ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። “ሐጂ፣ እንጨት ነው! እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ። ሎሚ አላፈላውም!” አልኳቸው።

“ሎሚ?” አሉ። ከዚያ በቅመሙ መደዳ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ ድረስ ሳቁብኝ። “ሎሚ የሚበላው ነጩን ነው፣ ድንጋዩን። ዩስር ድንጋይ አይደለም ያ ኡስታዛ፣ መምህርቷ! እንጨትም አይደለም። ቀንድ በይው፣ ጥፍር በይው፣ ከዚያ ወገን ነው። ነይ ተቀመጪ።”

አስተማሪ ሆኜ በኖርኩበት ዕድሜ እንደዚያ ቀን ተማሪ ሆኜ አላውቅም። ከፍሬው ጎን በቢላ ጫፍ ፀጉር የምታህል ልጣጭ ፋቁ፤ በመርፌ ወግተው የኩራዝ እሳት አስነኳት። ተኮማተረችና ጨሰች፤ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ጸጉር! ቁርጥ የተቃጠለ ጸጉር! ቀጥለው ባባኑስ ከሚሉት ዞጲ አንድ ልጣጭ አቃጠሉ፤ እሱ የማገዶ ጭስ ነው የሸተተው። አፍንጫዬን ማመን አቅቶኝ ሁለቱንም ደጋግመው እንዲያቃጥሉልኝ ለመንኳቸው። እሳቸውም ሳይሰለቹ አቃጠሉልኝ፤ ደስታዬ ተጋብቶባቸው ነበር።

“ክቡ መስመርስ? እንደ ዛፍ ነው እኮ!”

“እንደ ዛፍ ያድጋላ! ቅርንጫፍ አለው፣ ቁጥቋጦ ነው። እየቆየ አንድ ልብስ በላዩ ይደርባል። ጣት የሚያህል ለመሆን የሰው ዕድሜ ይፈጃል። ይልቅ ይሄን እይ” አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ሰጡኝ። በመነጽሩ አሳልፌ የመስቀሏን ብብት አየሁ። የሞረድ ግድፈት ያልኩት ሻካራ ነገር ሞረድ አልነበረም። እሾህ ነበር! በዓይን የማይታይ፣ በረድፍ በረድፍ የቆመ፣ ጫፉ ወደ ላይ ያቀና ጥቃቅን እሾህ። “የትኛው እንጨት ነው እንዲህ ያለ እሾህ የሚያበቅል?” አሉኝ። 

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን ብርሃን ላይ ይዤ ራሴ አረጋገጥኩ። ጥቁር ያልኩት ጥቁር አይደለም፤ ስስ ጠርዙን ፀሐይ ላይ ሲይዙት ብርሃኑ ያልፍና እንደ ማር ቡናማ ይሆናል። ጉንጭ ላይ ሲያደርጉት እንደ ድንጋይ አይቀዘቅዝም። ቀጭኑ ቅርንጫፍ እሳት ላይ ሲሞቅ እንደ ቀንድ እየለዘበ ይታጠፋል አሉኝ። ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን ባሕር ውስጥ ሳለ ጥቁር አለመሆኑ ነው። በሕይወት ሳለ ሥጋ ለብሷል፤ አንዱ ነጣ ያለ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ወደ ቀይ የሚያደላ። ጠላቂዎች ሲያወጡት የሚያዳልጥ ቁጥቋጦ ነው፤ ሥጋው ሲገፈፍ ነው ጥቁሩ አጥንት ብቅ የሚለው። ከብዙ ዓመት በኋላ በመጽሐፍ እንዳነበብኩት ስሙ ጥቁር ኮራል ነው፤ ያ ሥጋ እያንዳንዳቸው ስድስት ጣት ያላቸው እልፍ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው፤ ቁጥቋጦውን ተባብረው ነው የሚሠሩት። ያን ጊዜ ይህን ባውቅ ኖሮ መደዳው መሐል እጮህ ነበር።

“ሐጂ፣ ግን ይሄን ገዳሪፍ ያለ ሰው ገዝቶ ሊሰጣት አይችልም?” አልኳቸው። ዋናው ነገር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ፍሬዎቹን ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ በተርታ ደረደሩልኝ። “ከአንድ ቅርንጫፍ ነው የተቆረጠው፤ ከሥሩ ጀምሮ እስከ ጫፉ። በባለሙያ መቁረጫ አይደለም፣ በቢላ ነው፤ የስለቱ ምልክት ይኸው። ቀዳዳውን አሽትቺ። ሠሪው መሰርሰሪያ የለውም፤ ሽቦ አግሎ ነው የበሳው። የጸጉሩ ሽታ ገና አልለቀቀውም። ገዳሪፍ ውስጥ ቅርንጫፉን የሚሸጥ የለም፤ ለእኔም ተሠርቶ ነው የሚመጣልኝ። ይሄን የሠራው ባሕሩ አጠገብ ያለ ሰው ነው፣ ከጠላቂዎች ጋር የሚውል። አርባ አንድ የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ የእናንተ ሰው ነው። የቆየም አይደለም፤ የወራት ሥራ ነው።”

ሰክተው እስኪጨርሱ እንዴት እንደ ጠበቅሁ አላውቅም። ቅመሙን ረሳሁት። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ በዚያ ሐሩር ሮጥኩ። ሰዎች ሌባ ያባረረኝ መስሏቸው መንገድ ሲለቁልኝ፣ አንድ ፖሊስ “ያ ሐበሻ!” እያለ ሲጠራኝ ትዝ ይለኛል። አልቆምኩለትም።

ሆሹ በር ስደርስ እታለም ሽንኩርት ትከትፋለች።

“ተሳስቻለሁ! እታለም፣ ተሳስቻለሁ!” ብዬ ጮህኩ። “ከባሕር ነው! ሰው በቢላ የሠራው ነው! ልጅሽ አለ!”

 ቢላዋን አስቀምጣ ተነሳችና ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ። “ባለፈው ሞተ አልሽኝ። ዛሬ አለ ትይኛለሽ። እኔን ምን አድርገሽ ነው የያዝሽኝ?” አለች። ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ቁጣ አልረሳውም። እውነቷን ነበር። እንባዬ መጣ።

“አትመኚኝ” አልኳት። “እኔን አትመኚኝ፤ አፍንጫሽን እመኚ።”

ከሰል ላይ አንዲት ፍም ለየሁ። ዓመት ሊሞላው የቀረበ ጸጉሯ ገና ጣት ቢያህል ነው፤ ከሻሿ ሥር አንድ ዘለላ በራሷ እጅ ነቅላ ሰጠችኝ። ፍሙ ላይ ጣልኩት፤ ሸተተ። ቀጥዬ ከሽንኩርት መክተፊያው ሰሌዳ ጠርዝ ስንጥር አቃጠልኩ፤ እንጨት እንጨት ሸተተ። በመጨረሻ ከፍሬው የፋቅሁትን ልጣጭ ጣልኩ። እታለም ጭሱ ላይ ጎንበስ አለች። ሳበችው። ቀና አለች። እንደገና ጎንበስ አለች።

“ጸጉር ነው” አለች በቀስታ።

ሴቶቹ ሽንኩርታቸውን ጥለው ፍሙን ከበቡት። አንዷ “የበግ ጭንቅላት ሲለበለብ ነው!” ስትል ሌላዋ “ኧረ ጥፍር ነው!” ትላለች። እኔ ስለ እሾሁ፣ ስለ ክቡ፣ ስለ ተበሳበት ሽቦ፣ ስለ ሥጋው ቀለም ትንፋሽ ሳልወስድ እለፈልፋለሁ፤ ያን ቀን “ደግሞ ጀመራት” ያለኝ የለም። እታለም ግን አንዱንም አልሰማችም። ቀዳዳውን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። “በሽቦ ነው የበሳው፣ ጣቱን አቃጥሎታል፣ መቼም ያቃጥላል እሱ” እያለች ከራሷ ጋር ትነጋገራለች።

“ሽምብራውስ? ፍየሏስ?” አለች አንዷ።

“ይበላ!” አለች እታለም። “ለሕያው ይበላ! ጥቁሩን ልብሴን ግን አሁኑኑ አውልቁልኝ።”

በማግስቱ ሁለታችን ወደ ቄሱ ሄድን። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ግን ጥንቁቅ። “ልጄ፣ ፍትሐት ያደረግሁለት እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ ከሙታን ጋር ነው ስሙን የጠራሁት። በጭስ ሽታ ብቻ እንዴት ከሙታን አወጣዋለሁ?” አሉ። እታለም መቁጠሪያውን አቀረበችላቸው። ተቀበሉት፣ ደጋግመው አዩት፣ አሸተቱት፣ ቆጠሩት። አርባ አንድ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው መስቀሏ ላይ ቆመ። “እሑድ ቅዳሴ ነይ” ብቻ አሏት።

እሑድ ነጭ ለብሳ መጣች። ቄሱ ሙታንን ሲያስቡ ስሙን ዘለሉት። እታለም እጄን አጥብቃ ያዘችው። ቅዳሴው ሄደ፣ ሄደ፤ በባሕርና በየብስ ለሚጓዙት የሚጸለይበት ደረሰ። እዚያ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የክርስትና ስሙን ጠሩ።

“አለ!” አለች እታለም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ እስኪሰማ።

ሰኞ ወደ ባሕሩ በሚሄድ ሎሪ ላይ ተሳፈረች። እኔ ቀን መቁጠር ጀመርኩ፤ መጋዘን ገብቼ ጠጠሩን ከሰሊጡ ጋር እየቀላቀልኩ ስንት ጊዜ ተቆጡኝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አመሻሽ ሎሪው ሆሹ በር ቆመ። በመጀመሪያ እሷ ወረደች። ከዚያ ዞራ እጇን ወደ ላይ ዘረጋችና አንድ የሚያነክስ ወጣት ደግፋ አወረደች፤ ድንበሩ ላይ የተመታው እግሩን ኖሯል።